ላም ውስጥ የገባው የእባብ ቃል፦ ስለ ትራንስፖዞኖችና አመዳደባቸው

ይህ ለእንስሳት ሕክምናና ለእርባታ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። በአፍ እንደተናገርኩት ትቼዋለሁ። ስላይዱ እዚህ ስለሌለ አንዳንድ ቦታ ላይ አስረዝሜዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአንዲት ጥጃ ልጀምር።

ጥጃዋ ሆልስታይን ናት፣ የወተት ከብት ዝርያ። ስትወለድ ደህና ናት። ትቆማለች፣ ትጠባለች። ሳምንታት ሳይቆዩ ግን ተቅማጥ ይይዛታል። ሐኪሙ ግሉኮስ ይሰጣታል፣ መድኃኒት ይሰጣታል፣ ቆም ይልላትና ደግሞ ይመለስባታል። ወተት እስክትጠግብ እየጠባች የምትከሳ ጥጃ ማየት በጣም ያሳዝናል። በመጨረሻ ትሞታለች። ብዙዎቹ ስድስት ወር እንኳን አይሞላቸውም። ደሟ ሲመረመር ኮሌስትሮል የለም ማለት ይቻላል።

በ2015 ጀርመን ውስጥ ይህ በሽታ በዘር የሚወረስ መሆኑ ታወቀ። የጥጆቹ የዘር ሐረግ ወደ ላይ ሲቆጠር በእናትም በአባትም በኩል አንድ ኮርማ ላይ ይገናኛል። ሞግሊን ስቶርም ይባላል፣ ካናዳዊ ነው። በሰው ሰራሽ ማዳቀል ዘሩ ብዙ አገር የደረሰ ዝነኛ ኮርማ ነበር።

ምኑ ላይ ነው ችግሩ? አፖቢ የሚባል ጂን አለ። ስብን ከአንጀት ወደ ደም የሚያሻግረው ፕሮቲን የሚሠራው በሱ ነው። በዚህ ጂን አምስተኛ ኤክሶን (ለፕሮቲን የሚነበብ የጂን ክፍል) ላይ፣ ቀድሞ ያልነበረ 1,300 ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ተሰክቶ ተገኘ። ንባቡ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ከፕሮቲኑ 97 በመቶው ሳይሠራ ይቀራል። ጥጃዋ የምትጠባው ወተት ስቡ አንጀቷ ውስጥ ይቀራል ማለት ነው።

የተሰካው ነገር ያን ሰሞን ከውጭ የመጣ ተላላፊ በሽታ አይደለም። የከብት ዘር ከብዙ ሺህ ትውልድ ጀምሮ በጂኖሙ (በሙሉ የዲኤንኤ ጽሑፉ) ውስጥ ይዞት የኖረ የጥንት ቫይረስ ቅሪት ነው። አንድ ቀን ካለበት ተገለበጠና ቅጂው ሌላ ቦታ አረፈ። ያረፈበት ቦታ ክፉ ሆነ፣ በቃ።

እንዲህ በጂኖም ውስጥ ቦታ የሚቀይሩትን ቁርጥራጮች ትራንስፖዞን እንላቸዋለን። ዛሬ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። አመዳደባቸውን እንደ ስም ዝርዝር ለፈተና አትሸምድዱት። አንድን ትራንስፖዞን መመደብ ማለት ከየት መጣ፣ እንዴት ይንቀሳቀሳል፣ ዛሬስ በሕይወት አለ ወይ፣ ጂን አጠገብ ሲያርፍስ ምን ሊያደርግ ይችላል ብሎ መጠየቅ ነው። ጥጃዋን የገደለው ከየትኛው ወገን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሌላውንም የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

ብዛታቸውን ልንገራችሁ። የላም ጂኖም 2.7 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው። ጂኖቹ 22,000 ገደማ ናቸው፣ ፕሮቲን ለመሥራት የሚነበበው ክፍል ግን ከጠቅላላው 2 በመቶ እንኳን አይሞላም። ትራንስፖዞኖችና ቅሪቶቻቸው ደግሞ ግማሽ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀራቸው። ዶሮ ላይ ስትመጡ ታሪኩ ይለወጣል። ጂኖሟ ትንሽ ነው፣ አንድ ቢሊዮን ፊደል ገደማ፣ ትራንስፖዞኑም አሥር በመቶ ያህል ነው። ለብዙ ዓመት ይህን ሁሉ «ቆሻሻ ዲኤንኤ» ሲሉት ቆይተዋል። ይህን ስም አልወደውም። ቆሻሻ ያልነውን ነገር ማን ብሎ ይመረምረዋል?

መጀመሪያ ያየቻቸው ባርባራ ማክሊንቶክ ናት፣ ያውም በበቆሎ ላይ። እሸት ስትፈለፍሉ ዝንጉርጉር ፍሬ አጋጥሟችሁ ያውቃል? አንዱ ፍሬ ላይ ነጭና ሐምራዊ ነጠብጣብ የተረጨበት የሚመስል? ያ ነጠብጣብ በፍሬው እድገት መሃል አንድ ቁርጥራጭ ከቀለሙ ጂን ላይ ሲነሳ የሚተወው ምልክት ሊሆን ይችላል። እሷ በ1940ዎቹ በማይክሮስኮፕና በማዳቀል ብቻ፣ የዲኤንኤ ቅርጽ እንኳን ሳይታወቅ፣ እዚህ ድምዳሜ ላይ ደረሰች። በ1951 በሳይንስ ጉባኤ ላይ ስታቀርበው የገባው ሰው ጥቂት ነበር። ኖቤል ሽልማት የተሰጣት በ1983 ነው፣ ለብቻዋ፣ በ81 ዓመቷ።

አሁን ወደ አመዳደቡ ልግባ።

በ1989 ኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዴቪድ ፊኔጋን ለሁለት ከፈላቸው። መለያው እንዴት ይዘዋወራሉ የሚለው ነው።

ክፍል አንድ ገልባጮች ናቸው። ቁም ጸሐፊን አስቡ። ዋናው ዳዊት ከቦታው አይነሳም፣ ሌላ ብራና ላይ ቅጂው ይጻፋል። እዚህም እንደዚያው ነው፦ ዋናው ባለበት ይቆያል፣ ቅጂው አርኤንኤ (የዲኤንኤ ጊዜያዊ ግልባጭ) ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ወደ ዲኤንኤ መልሶት ሌላ ቦታ ይገባል። በያንዳንዱ ዙር ቁጥራቸው ይጨምራል። የላም ጂኖም በነሱ የተሞላው ለዚህ ነው።

ክፍል ሁለት ነቅሎ ተካዮች ናቸው። የጎመን ችግኝ ከመደብ ነቅለን ማሳ ላይ እንደምንተክለው፣ ትራንስፖዜዝ የሚባለው ኢንዛይም ከቦታው ቆርጦ ያወጣውና ሌላ ቦታ ይተክለዋል። የማክሊንቶክ በቆሎ እዚህ ውስጥ ነው። በላም፣ በበግ፣ በፍየልና በአሳማ ውስጥ ይህ ክፍል ከሞተ ቆይቷል። ያለው ቅሪቱ ነው።

ስለዚህ እኛ እንስሳት ላይ የምንሠራ ሰዎች አብዛኛው ጊዜያችን የሚያልፈው ክፍል አንድ ውስጥ ነው። እሱም ሦስት ትልልቅ ወገኖች አሉት። ላይን የሚባሉት ረጃጅሞቹ ናቸው፣ የራሳቸውን መገልበጫ መሣሪያ ራሳቸው ይሠራሉ። ኤልዋን የሚባለው ሙሉ ሲሆን ከ6,000 ፊደል በላይ ነው። ግን ሙሉውን የምታገኙት ከስንት አንድ ነው፣ ምክንያቱም ግልበጣው የሚጀምረው ከጭራው ስለሆነ ብዙ ጊዜ ራሱ ጋ ሳይደርስ ይቋረጣል። ሳይን የሚባሉት አጫጭሮቹ ናቸው፣ ጥቂት መቶ ፊደል ብቻ። የራሳቸው መሣሪያ የላቸውም። የላይንን መሣሪያ ተጠግተው የሚኖሩ ደባሎች ናቸው። ታዲያ ደባል ናቸው ብላችሁ እንዳትንቋቸው፣ በቁጥር ባለቤቶቹን ይበልጧቸዋል። ሦስተኛዎቹ ኤልቲአር ያላቸው ናቸው። በሁለቱም ጫፋቸው ላይ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይደገማል፣ ሬትሮቫይረሶችም፣ ማለትም ራሳቸውን ወደ ዲኤንኤ ገልብጠው በያዙት ሴል ጂኖም ውስጥ የሚሰኩት ቫይረሶች፣ የነሱ ዘመዶች ናቸው። አንድ ሬትሮቫይረስ የእንቁላል ወይም የወንዴ ዘር ሴል ውስጥ ገብቶ ከቀረ ለልጅ ልጅ ይወረሳል። ጥጃዋን የገደለው ከዚህ ወገን ነው።

ኤልቲአር በውስጡ «እዚህ ጋ ንባብ ጀምር» የሚል ትእዛዝ አለው። ስለዚህ ጂን አጠገብ ሲያርፍ ጂኑን ያለሰዓቱ ወይም ያለቦታው ሊያስነሳው ይችላል። ይህን ያዙልኝ፣ እንቁላል ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እባቡ።

ላይኖች ውስጥ ቦቭቢ የሚባል አለ። መጀመሪያ ከብት ውስጥ ሲገኝ የአመንዣጊዎች ብቻ ንብረት ነው ተብሎ ታሰበ፣ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። በኋላ ግን እፉኝት ውስጥ ተገኘ። እንሽላሊት ውስጥም። የሚገርመው መገኘቱ ብቻ አይደለም። የላሟ ቅጂና የእባቡ ቅጂ በጣም ይመሳሰላሉ። ላምና እባብ የጋራ አያት የነበራቸው ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው፣ በውርስ ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ፈጽሞ ተለያይተው ነበር። ስለዚህ በወላጅና በልጅ መስመር አልመጣም፣ ወደ ጎን ተሻግሯል ማለት ነው። አብዛኛው ማስረጃ የሚያመለክተው ከእባብና ከእንሽላሊት ወገን ወደ አመንዣጊዎች መምጣቱን ነው።

በምን ተሻገረ? በ2013 የአውስትራሊያው አደሌድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንሽላሊትና እባብ ላይ በሚጣበቅ መዥገር ውስጥ ቦቭቢን አገኙ። መዥገር! ደም እየመጠጠ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ። አሻጋሪው እሱ ሳይሆን አይቀርም የሚለው ግምት ከዚህ የመነጨ ነው። ከብት የነካ ሰው ሁሉ በጣቱ መዥገር ነቅሏል። እኔ ይህን ጥናት ካነበብኩ በኋላ መዥገርን እንደ ድሮው አላየውም።

ከገባ በኋላማ ቤቱ አደረገው። እሱና ከሱ የተወለዱት ሳይኖች ተደምረው የላምና የበግን ጂኖም እስከ ሩብ ይሞላሉ ተብሎ ተሰልቷል። ልጆቹ ቦቭ-ቲኤ እና ቦቭ-ኤ ይባላሉ። ቦቭ-ቲኤ ግማሹ ከቲአርኤንኤ (ፕሮቲን ሲሠራ ጥሬ ዕቃ ከሚያቀብለው አጭር አርኤንኤ)፣ ግማሹ ከቦቭቢ ቁራጭ የተሰፋ ነው። ሥራውን የሚያሠራውም በቦቭቢ መሣሪያ ነው። እንግዲህ አመዳደብ ያልኳችሁ ይህን ነው፣ ቦቭ-ቲኤን «ሳይን» ብላችሁ ብትተዉት ትክክል ናችሁ፣ ግን የእባቡን ታሪክ አጣችሁት።

ስም አሰጣጡ ላይ ጠብ አለ። ፊኔጋን ሁለት ክፍል አደረገ፣ በ2007 ዙሪክ የነበረው ቶማስ ዊከርና ባልደረቦቹ ደግሞ ደረጃ በደረጃ አስፋፉት። ክፍል፣ ንዑስ ክፍል፣ ኦርደር፣ ሱፐርፋሚሊ፣ ፋሚሊ (ቤተሰብ) እያለ ይወርዳል። ለያንዳንዱም ሦስት ፊደል ያለው ኮድ ሰጡት። ቦቭቢ በዚህ ኮድ አርአይቲ ነው፦ አር ሬትሮትራንስፖዞን፣ አይ ላይን፣ ቲ ደግሞ አርቲኢ የሚባለው ሱፐርፋሚሊ። አንድ ቤተሰብ ለመባል ደግሞ ሦስት ጊዜ 80 የሚባል ሕግ አወጡ። ሁለቱ ቁርጥራጮች ቢያንስ 80 ፊደል ርዝመት፣ ቢያንስ በ80 በመቶው ርዝመታቸው ላይ፣ ቢያንስ 80 በመቶ መመሳሰል አለባቸው።

ወዲያው በዓመቱ ሬፕቤዝ የሚባለውን የትራንስፖዞን መዝገብ የሚያዘጋጁት ሰዎች የራሳቸውን ሌላ አመዳደብ አቀረቡ። እስከ ዛሬ አንዱ ፕሮግራም አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይከተላል። አንድ ጂኖም በሁለት መዝገብ አስነብባችሁ ሁለት ዓይነት ቁጥር ብታገኙ አትደንግጡ።

እኔ በበኩሌ የ80ው ሕግ ለጀማሪ ጥሩ ነው እላለሁ፣ ለከብት ግን አይበቃም። ሕጉ ገና ትኩስ ለሆኑ ቅጂዎች ይመቻል። የኛ እንስሳት ውስጥ ያለው አብዛኛው ቅሪት ግን አርጅቷል፣ ተቆራርጧል፣ አንዱ በሌላው ላይ ተሰክቷል። 78 በመቶ ስለሆነ ብቻ ዘመድን ከዘመድ መለየት ልክ አይደለም። የዘር ሐረግ መሥራት ይሻላል። ፕሮግራሙ የነገራችሁን ደግሞ እንዳለ አትቀበሉ፣ ጫፎቹን በዓይናችሁ እዩ። ትራንስፖዞን ሲሰካ ያረፈበትን ቦታ ጥቂት ፊደሎች በግራና በቀኝ ይደግማቸዋል። ያ ድግም ካለ ቁርጥራጩ የት ጀምሮ የት እንዳበቃ ታውቃላችሁ። እኔ ይህን ሳላይ አልፈርምም።

ጉዳት ብቻ ነው ወይ ታዲያ? አይደለም።

እንቁላል ላይ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ሰማያዊ እንቁላል የሚጥሉ ዶሮዎች አሉ። የቺሊዋ አራውካና አንዷ ናት፣ ቻይና ውስጥም አሉ። በ2013 ምክንያቱ ሲገኝ የጥንት ሬትሮቫይረስ አንድ ጂን ፊት ለፊት ተሰክቶ ነው። ጂኑ እንቁላሉ የሚለበድበት ማህፀን ውስጥ እንዲነሳ አደረገው፣ ቅርፊቱም ሰማያዊ ሆነ። የደቡብ አሜሪካዋና የቻይናዋ ላይ የተሰካበት ነጥብ ይለያያል። ሁለት ጊዜ፣ ለየብቻ ተከስቷል ማለት ነው።

ፍየል ላይ ደግሞ ካዜይን አለ፣ አይብ የሚሆነው የወተት ፕሮቲን። አልፋ ኤስ ዋን ካዜይን የሚሠራው ጂን ጭራ ላይ 457 ፊደል ያለው የላይን ቁራጭ የተሰካባቸው ፍየሎች አሉ። ብዙ ካዜይን ከሚሠራው የጂኑ ዓይነት ጋር ሲነጻጸር ካዜይናቸው ከግማሽ በታች ይወርዳል። የፈረንሳይና የጣሊያን አይብ ሠሪዎች ይህን ያውቁታል፣ ወተቱ እኩል ሊትር ሆኖ አይቡ ያንሳልና።

በአሳማ ላይ የተገኘው ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ዜድቤድ6 የሚባል ፕሮቲን አለ፣ በ2009 የኡፕሳላ ተመራማሪዎች ይፋ አደረጉት። ጡንቻ የሚያሳድገውን አይጂኤፍ2 የሚባል ጂን ረገብ አድርጎ ይይዛል። የአሳማ አርቢዎች ሥጋ የሚበዛባቸውን እየመረጡ ሲያራቡ ሳያውቁት የመረጡት አንዲት ፊደል የተቀየረችበትን አሳማ ነው። ያቺ ፊደል ስትቀየር ዜድቤድ6 መያዣ ያጣል። ይህ ያዥ ፕሮቲን ታዲያ ከየት መጣ? ጥንት ከሞተ የክፍል ሁለት ትራንስፖዞን ነው። ነቅሎ መትከሉን ትቶ የእንስሳው ሠራተኛ ሆነ።

በግ ደግሞ ያለ ጥንቱ ቫይረስ አትወልድም ብል ማጋነን አይደለም። ጂኖሟ ውስጥ ኢንጄኤስአርቪ የሚባል ሬትሮቫይረስ ቢያንስ 27 ቦታ ተቀምጧል። በ2006 ተመራማሪዎች የዚህን ቫይረስ አንድ ፕሮቲን ሥራ ሲያፍኑት የእንግዴ ልጁ በደንብ ሳያድግ ጽንሱ ቀረ። የዚሁ ቫይረስ አንዳንድ ቅጂዎች አንዱ የበግ ዝርያ ላይ አሉ፣ ሌላው ላይ የሉም። በ2009 ከ100 በላይ ዝርያዎችን በዚህ እያነጻጸሩ በግ ከመካከለኛው ምሥራቅ ተነስቶ እንዴት እንደተሰራጨ ተከተሉት። አንድ ቅጂ አንድ ቦታ ከተሰካ ልክ በዚያችው ነጥብ ሌላ ጊዜ መሰካቱ፣ ወይም ተስተካክሎ መነቀሉ ዘበት ነው። ለዚህ ነው ጥሩ ምስክር የሚሆነው። አሳ ነባሪ የላምና የጉማሬ ዘመድ መሆኑም በ1997 እና በ1999 የተረጋገጠው በሳይኖች ምስክርነት ነው። ጣና ላይ ጉማሬ ስታዩ አስታውሱት።

አሁን ወደ ከብቶቻችን።

የላም ጂኖም ተነበበ የምንለው የአንዲት ላም ጂኖም ነው። አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ያደገች ሄርፎርድ የሚባል ዝርያ ላም፣ ኤልዋን ዶሚኔት 01449 (ስሟ ላይ ያለው ኤልዋን ከትራንስፖዞኑ ጋር አይገናኝም)። በ2009 ከ300 በላይ ተመራማሪዎች ተባብረው ይፋ አደረጉት። ከዚያ ወዲህ ዓለም ላይ ያለ ከብት ሁሉ የሚለካው በሷ ነው። ቦረናም፣ ፎገራም፣ ሸኮም፣ በጋይትም።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ጊዜ ዲኤንኤ የምናነበው በ150 ፊደል ቁርጥራጭ ነው። እያንዳንዱን ቁርጥራጭ ኮምፒውተሩ ዶሚኔት ላይ ቦታ ይፈልግለታል። በእሷ ላይ የሌለ፣ በቦረና ላይ ብቻ ያለ ትራንስፖዞን ቢኖር ቁርጥራጩ ወይ ይጣላል ወይ ሌላ ሺህ ቦታ ካለው ቢጤው ላይ ይለጠፋል። ሪፖርቱ ላይ «ለውጥ የለም» የሚል ይወጣል። የአፖቢውም ተለይቶ እስኪታወቅ ያስቸገረው ይኸው ነው፣ ነጠላ ፊደል የሚፈልግ ሰው 1,300 ፊደል ሙሉ ሲሰካ አያይም።

የአፍሪካ ከብት ደግሞ የሁለት ወገን ልጅ ነው። በ2020 የኢትዮጵያ ዝርያዎች ባሉበት በ172 የአፍሪካ ከብቶች ላይ የታተመ ጥናት ሻኛ የሌለው ታውሪንና የሻኛማው ዜቡ ድብልቅ ከ750 እስከ 1,050 ዓመት ገደማ በፊት እንደተስፋፋ አሳይቷል። ሁለቱ ወገኖች ከመገናኘታቸው በፊት በጣም ረጅም ጊዜ ተለያይተው ነው የኖሩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ትራንስፖዞኖቻቸው ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ2022 የንዳማና የአንኮሌ ከብቶች ጂኖም በረጅም ንባብ፣ ማለትም ብዙ ሺህ ፊደል በአንዴ እየተነበበ፣ ተሠርቶ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር፣ ዶሚኔት ላይ የሌለ ከ100 ሚሊዮን ፊደል በላይ ወጣ። ሙቀት የሚችል፣ መዥገር የሚቋቋም፣ ድርቅ የሚያልፍ ከብት እያለን ምክንያቱን የምንፈልገው ሞንታና ባደገች ላም መስታወት ብቻ ከሆነ የምናየው እሷን የሚመስለውን ብቻ ነው። ይህ ያንገበግበኛል። በእጃችሁ ያለ ሥራ ነውና እናንተ ሥሩት፣ በረጅም ንባብ፣ በራሳችን ዝርያ፣ መዝገቡንም ከዜሮ እየገነባችሁ።

መጨረሻ ላይ ከመጡት ጥያቄዎች ሁለቱን ልጨምር።

አንዷ ተማሪ «ሥጋ ስንበላ ቦቭቢ ወደ እኛ ይገባል?» ብላ ጠየቀች። አይገባም። የምንበላው ዲኤንኤ ሆድ ውስጥ ይፈጫል። ለመወረስ ደግሞ የዘር ሴል ውስጥ መድረስ አለበት። መዥገሩም ቢሆን ይህን የሚያደርገው በሚሊዮኖች ዓመት ውስጥ በጣት በሚቆጠር ጊዜ ነው።

ሌላው «ትልቅ ማሽን የለንም፣ ከምን እንጀምር?» አለ። ከአፖቢ ጀምሩ አልኩት። ሆለታ፣ ሰበታ፣ ቢሾፍቱ ዙሪያ ያሉት የወተት ላሞች የሆልስታይን ደም አለባቸው። የኮርማ ዝርዝር ስታዩ ኤችሲዲ (የዚህ በሽታ ምልክት) የሚለውን መስመር ፈልጉ፣ ተሸካሚ ነው ካለ ሌላ ኮርማ ምረጡ። ላሟን ራሷን ለማየት ደግሞ ተራ ፒሲአር፣ የተመረጠ የዲኤንኤ ቁራጭን የሚያባዛው ምርመራ፣ ይበቃል። አንድ ፕራይመር (ማባዛቱ ከየት እንደሚጀምር የሚያመለክት አጭር ዲኤንኤ) ከተሰካበት በግራ፣ አንድ በቀኝ፣ አንድ ደግሞ ከተሰካው ውስጥ። የተባዛው ዲኤንኤ በርዝመቱ በሚለይበት ጄል ላይ ነጻ የሆነችዋ አንድ ባንድ (መስመር) ታወጣለች፣ የጤነኛውን ጂን። ተሸካሚዋ ሁለት ታወጣለች፣ የጤነኛውንም የተሰካበትንም። ከሁለቱም ወላጆቿ የወረሰችዋ ጥጃ ላይ የጤነኛው ባንድ ይጠፋል፣ የተሰካበት ብቻ ይቀራል።